በአደራ የተሰጠ እጅ

«እጅህን ከኪስህ አውጣና እንጨርስ!» አለ ምንዳዬ። ድምፁ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት ሞላው። «ሰው መሀል ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ አንተ እንደ በረደው ሰው ኪስህ ውስጥ ትሸጎጣለህ።»

«በርዶኝ ነዋ» አለ ጎንፋ። «ሚኒሶታ እኮ ነው ያለነው።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ምንዳዬ አልሳቀም። በክበቡ መሀል የቆመው ቶማስ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር፤ የምንዳዬን ፊት አየና ተወው። ቶማስ እዚሁ ከተማ ያደገ፣ አርባ ያልሞላው ጠበቃ ነው። ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደራል። ቀኝ እጁን እንደ ዘረጋ ነው፤ ከጎንፋ በቀር በክበቡ ያሉት ሁሉ ጨብጠውታል።

በሪሁን ከጎንፋ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል። የጎንፋን ነገር እሱ ያውቀዋል። ሲናደድ አይጮህም፣ አይገነፍልም፤ እጁን ኪሱ ይከትና ይቀልዳል። ያን ጊዜ አለቀ፤ በሬ ቢስበው አይነቃነቅም።

«እስካሁን ለማንም ያልነፈግነውን ለገዛ ልጃችን እንንፈገው?» አለ ምንዳዬ። በዚህ ዓመት የማኅበሩ ሰብሳቢ እሱ ነው፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አለው፤ ሲናገር ሰው ማዘዝ የለመደ መሆኑ ያስታውቃል። «ሶማሌዎቹ ሰው አላቸው። ከላኦስ የመጡት ህሞንጎች ሰው አላቸው። እኛን ማን ይቆጥረናል? እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉትን እዩአቸው እስቲ!»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ምንዳዬ እነዚያን ሰዎች ሳይጠቅስ የዘጋው ስብሰባ ስለሌለ ሳያዩትም ያውቁት ነበር። ሕንጻውን የሠሩት ኖርዌያውያን ሉተራውያን ሲሄዱ የተዉት ትልቅ ፎቶ ነው፤ ጢማቸውን የጠመዘዙ፣ ከትከሻ እስከ ወገባቸው ሰፊ ጥብጣብ ያሰሩ ወንዶች በረድፍ ቆመዋል። የወንድማማች ማኅበር ነበራቸው።

«በባዶ እጃቸው ነው የመጡት። ዱቄት ፋብሪካ ተሸካሚ ነበሩ» አለ ምንዳዬ። «ማኅበር አቋቋሙ። ከማኅበራቸው ዳኛ ወጣ፣ ከንቲባ ወጣ፣ ሴናተር ወጣ። አገሩን ያዙት።»

«አሁንስ የት አሉ?» አለ ጎንፋ።

«ማን?»

«እነሱ። ባለ ጥብጣቦቹ። ቤዝመንታቸውን ለኛ አከራይተው ልጆቻቸው የት ገቡ? አንዳቸው እንኳ አያቴ ነው ብሎ ፎቶውን ሊወስድ አልመጣም።»

«አንተ ሁሉን ነገር ወደ ቀልድ…»

«አልቀለድኩም።»

ቶማስ እጁን አወረደ። «ጋሽ ጎንፋ» አለ በጨዋነት፤ «ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከልቤ ነው።»

ጎንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየው። «በዚያ በኢንተርኔት ፕሮግራም ላይ ስለ ወለጋ ሲጠይቁህ ምን አልክ?»

«ያልተጣራ ወሬ ብዙ ነው፣ አልኩ።»

«ወንድሜ ወሬ ነው?»

ምንዳዬ አንድ እርምጃ ወደ ጎንፋ ቀረበ።

«በስልክ ነው የቀበርኩት» አለ ጎንፋ። «ልጁ ስልኩን ወደ ጉድጓዱ አስጠግቶልኝ አፈሩ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ማን እንደ ገደለው አላውቅም። አንተንም ማን ገደለው በል አላልኩህም። ሞቷል በል። ሰው ሞቷል በልና እጄን ውሰድ።»

ቶማስ መልሱን ፈለገ። ክፉ ሰው አለመሆኑን በሪሁን ከፊቱ አነበበ፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። «አንዱን ካነሳሁ ሁሉንም ማንሳት አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ይሄድብኛል። ጋሽ ጎንፋ፣ እኔ ስለ መንገድና ስለ ቤት ኪራይ ነው የምወዳደረው።»

«ለመንገድና ለቤት ኪራይ የኛ እጅ ምን ያደርግልሃል ታዲያ?»

ምንዳዬ ሁለት እጁን አጨበጨበ፤ ስብሰባ የሚዘጋው እንዲህ ነው። «ለሚመጣው ቅዳሜ ምሳ አዘጋጅተናል፤ ፓስተሮች ይመጣሉ፣ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ያን ዕለት የሁላችንም እጅ ካልተሟላ እኔ በበኩሌ በቃኝ። ፈቃደኛ የሆነውን ይዤ ሌላ ማኅበር አቋቁማለሁ። እንደ ሰው በድምፅ ብልጫ የሚሠራ ማኅበር።»

በሪሁን ቀና ያለው ይህን ሲሰማ ነው።

የማኅበሩ ስም «የቀኝ እጅ ወንድማማቾች» ነው። ያቋቋሙት ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ አብረው የመጡ ጥቂት ወንጌላውያን ናቸው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ግን በሪሁንና ጎንፋ፣ ሲዋርድ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው በአንድ ፍራሽ ላይ ጀርባና ጀርባ ሲተኙ ነበር። በካምፑ ቤተ ክርስቲያን ነገር ሁሉ የሚወሰነው እጅ እየተቆጠረ ነበር። በየትኛው ቋንቋ ይዘመር፣ ሽማግሌ ማን ይሁን፣ ከእርዳታ የመጣው ድንኳን ለማን ይድረስ፤ ሁሌ ብዙው ያሸንፋል፣ ሁሌ ጥቂቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ሰብስቦ ሌላ ዛፍ ሥር ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ሲደርሱ እጅ ላንቆጥር ብለው ተማማሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያት ለጳውሎስና ለበርናባስ ቀኝ እጃቸውን ሰጡ እንደሚል፣ ጉዳይ ያለው ሰው መሀል ይቆማል፤ እያንዳንዱ ወንድም ሄዶ ቀኙን ይሰጠዋል። አንድ እጅ ከቀረ ነገሩ ቀረ። የተቀየመ ቢኖር እንኳ ማኅበሩ ግን አልተከፈለም።

ኋላ ሥራ መጣ። አንዱ ሻኮፒ መጋዘን ሌሊት ይገባል፣ አንዱ አረጋውያን ቤት ያድራል፣ በሪሁን ራሱ ፎርት ስኔሊንግ በኩል ከአውሮፕላን ጣቢያው ሰው ያመላልሳል፤ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ተሟልቶ አያውቅም። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ አንድ የአደራ ወንድም ያዘ። የቀረውን ሰው እጅ የአደራ ወንድሙ በግራው ይሰጥለታል። ግራ እጅ ደግሞ አይጠየቅም። ልኮሃል ወይ፣ ምን አለህ ብሎ ነገር የለም፤ መጠየቅ ነውር ነው። የጎንፋ የአደራ ወንድም በሪሁን ነው፣ የበሪሁንም ጎንፋ። «እኔ በቀረሁ ቁጥር በሪሁን ሁለት ሰው ይሆናል» እያለ ጎንፋ ይቀልድ ነበር፤ «ምሳም የሁለት ሰው ነው የሚበላው።»

ከዚህ ክበብ ውጭ በሪሁን ሹፌር ነው። ተሳፋሪ ከኋላው ተቀምጦ ስልክ ያወራል፤ ልጆቹ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ መልሰው በራቸውን ይዘጋሉ። እዚህ ሲገባ ግን «ወንድም በሪሁን» ብለው ይነሱለታል። ሚስቱ ስመኝ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ወንድሞች ተራ ገብተው አጠገቧ አድረዋል፤ ከሁሉም የበለጠ ያደረው ጎንፋ ነበር። አገር ቤት ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሆነ። እነ ጎንፋ በኦሮምኛ የሚያመልኩበት ሌላ አዳራሽ ተከራዩ፤ አንዳንዱ ተሰናብቶ፣ አንዳንዱ ሳይሰናበት ሄደ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙት ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ምድር ቤት ብቻ ነው። ምንዳዬ ሌላ ማኅበር ሲል በሪሁን የሰማው ይህን ነው፤ ይህም ሊፈርስ ነው።

ጎንፋን እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ አደረሰው። የፍራንክሊን መንገድ የረገፈ ቅጠል ለብሷል፤ በየግቢው የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ከሰሌዳዎቹ ሁለቱ ላይ የቶማስ ፊት ይስቃል።

«ፎቶውስ ያምርበታል» አለ ጎንፋ።

«ጎንፌ፣ እባክህ።»

«ምን እባክህ?»

«አንድ የምክር ቤት ወንበር ነው። ነገ ይረሳል። ለዚህ ብለን እንፍረስ?»

«እኔ ነኝ የማፈርሰው?»

«እሱን አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ።» ጎንፋ መስኮቱን ትንሽ ከፈተው፤ ብርዱ ገባ። «ስማ። እጄን ብሰጠው የቅስቀሳ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታውቃለህ? 'ወንድሞች ሁሉ ከኔ ጋር ናቸው' ነው የሚለው። ኢንተርኔት ላይም ይለቀዋል። የወንድሜ ልጅ ስልክ አለው፤ ያነበዋል። አጎቴም ከነሱ ጋር ነው፣ አባቴም ወሬ ነው ይላል። እኔ ከዚያ ልጅ ጋር በምን አፌ አወራለሁ?»

ቀይ መብራት ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ ደግሞ ኦቨርታይም ነኝ» አለ ጎንፋ። «ግዴታ አድርገውብናል። ከሻኮፒ ድራይቭ አድርጌ እስክደርስ ምሳ ላይ ትሆናላችሁ።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን?»

«እንዴት ይሁን ይባላል? አንተ አለህ አይደል?» ጎንፋ የበሪሁንን ግራ እጅ ከመሪው ላይ መታ መታ አደረገው። «እሱን ኪስህ ውስጥ አቆይልኝ። በቃ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። በሪሁን እሺም እምቢም ሳይል ነዳ። ጎንፋም ከመኪናው ሲወርድ እሺ እስኪለው አልጠበቀም፤ ከነጭራሹ እምቢ ይለኛል ብሎ አላሰበም።

ሳምንቱን በሪሁን ሰው እያመላለሰ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት ምንዳዬ ደወለለት። ጠብ አልፈለገም፤ ድምፁ የለዘበ ነበር። «ወንድም በሪሁን፣ አንተ አባታችን ነህ። እኔም ማኅበሩን አፍርሼ ደስ አይለኝም። ግን ስማኝ፤ በዚህ አገር ያልተወከለ ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። አንድ ሰው እንዴት ሁላችንን ያቆመናል? ካልሆነ እሑድ ጠዋት አዲሱን ማኅበር እናሳውቃለን። የሚመጡትን አነጋግሬአለሁ።» እነማን እንደሆኑ ዘረዘረለት። በሪሁን ስሞቹን ሲሰማ ማን እንደሚቀር ገባው፤ የሚቀሩት እነ ጎንፋ ብቻ ነበሩ።

ማታውን ራት ላይ ለስመኝ ነገራት።

«ጎንፋ ምን አለህ?» አለች።

«አቆይልኝ ነው ያለው።»

«ታዲያ አቆይለታ።»

«ቀላል አደረግሽው። ካቆየሁለት እኮ ማኅበሩ የለም።»

«ጎንፋን ካጣኸው ማኅበሩ ምን ያደርግልሃል?»

«ማኅበሩ ከሌለስ ጎንፋን የት አገኘዋለሁ?» አለ በሪሁን። «እሱ የሻኮፒ ሺፍት፣ እኔ የኤርፖርት ሺፍት፤ እሱ በዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ በዚህ። በዓመት አንዴ ለቅሶ ቤት ልንተያይ?»

ስመኝ ሳህኖቹን አነሳች። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ እንደማታምንበት ግን ጀርባዋ ይናገር ነበር።

ቅዳሜ ምድር ቤቱ ሌላ ቦታ መስሎ ጠበቀው። ጠረጴዛዎች ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ከአምስት ቤተ ክርስቲያን የመጡ ፓስተሮች ከፊት ተቀምጠዋል፤ በግድግዳው ላይ፣ ከኖርዌያውያኑ ሥር፣ የማኅበሩ ስምና የቶማስ ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት ጨርቅ ተወጥሯል። በሪሁን ጨርቁን ቆሞ አየው። እጁ ሳይሟላ ጨርቁ ተሠርቶ አልቋል።

«አምኜብህ ነው» አለው ምንዳዬ በጆሮው፣ ጀርባውን እየደባበሰ።

ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ ክበብ ሠሩ። ቶማስ መሀል ገባ። ወንድሞች አንድ በአንድ እየሄዱ ቀኛቸውን ሰጡት፤ ሁለቱ ለሌሉት የአደራ ወንድሞቻቸው ግራቸውን ጨመሩ። እነ ጎንፋ ከሚያመልኩበት አዳራሽ የመጡትም ሰጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው እንጂ ሰጡ። በሪሁን ተራው ሲደርስ ሄዶ ቀኙን ሰጠ። የቶማስ መዳፍ አልቦታል፤ እሱም ፈርቶ ኖሯል።

ከዚያ ሁሉም ሰው የበሪሁንን ግራ እጅ ማየት ጀመረ።

ግራው ኪሱ ውስጥ ነው። ከቁልፉ ጋር ነው። በሪሁን እዚያው ቆሞ የወጣትነት ጊዜውን አሰበ፤ በካምፑ አቧራ ላይ ጥቂቶቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ እሱ ከብዙዎቹ ጋር ተቀምጦ ያያቸው ነበር። ከሚሄዱት መካከል አንዱ ጎንፋ ነበረ። ያኔ ተከትሎት ሮጦ ነው የተዋወቁት። አሁን ደግሞ ይሄዳል፤ አሁን ለመሮጥ ጉልበት የለኝም አለ በልቡ። ብሰጥለት ይቆጣኛል፤ አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያኮርፈኛል፤ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣበት ቤት ይኖረዋል፤ ማኩረፍ የሚቻለው የሚኮረፍበት ቤት ሲኖር ነው። የወንድሙ ልጅም ያን ወረቀት ላያየው ይችላል። ማን ያሳየዋል?

«ወንድም በሪሁን» አለ ምንዳዬ በዝግታ።

በሪሁን ግራ እጁን አወጣና ሰጠ።

ለጎንፋ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ጎንፋ ልኮሃል ወይ ያለውም የለም። ግራ እጅ አይጠየቅም። ባለፈው ቅዳሜ የጎንፋን እምቢታ በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች ሁሉ «ሃሌ ሉያ!» ብለው አጨበጨቡ፤ ከሁሉም በላይ የከበዳቸው ነገር በመቅለሉ ደስ ያላቸው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ቶማስ አቅፎ ሳመው።

በሪሁን አንድ ነገር አቅዷል። ጎንፋን በሩ ላይ ይጠብቀዋል፤ ከማንም አፍ ሳይሰማ እሱ ራሱ ደረጃው ላይ አቁሞ ያስረዳዋል። ኮቱን እንኳ አንስቶ ነበር። ምንዳዬ ግን «ማዕዱን አባታችን ወንድም በሪሁን ይባርክልን!» ብሎ ጮኸ፤ ፓስተሮቹ ተነሱ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። በሪሁንም ጨፍኖ ጸለየ። ስለ ምግቡ፣ ስላዘጋጁት፣ ስለ ከተማይቱ፣ ስለ አንድነት ጸለየ። በጸሎቱ መሀል ከላይ በር ሲከፈትና ቀዝቃዛ አየር በደረጃው ሲወርድ ተሰማው፤ ማቋረጥ ግን አልቻለም። አሜን ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ጎንፋ የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ እንደ ለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። ቶማስ ቀድሞ ደርሶ የጎንፋን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ይዟል።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ጎንፋ» ይላል ቶማስ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እጅዎ ደርሶኛል። ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም።»

ጎንፋ በቶማስ እጆች መሀል ያለውን የራሱን እጅ አየ። ቀጥሎ ጨርቁን አየ። ቀጥሎ በሰዉ መሀል በሪሁንን ፈልጎ አገኘው።

«በርታ ልጄ» አለው ቶማስን፤ እጁንም ቀስ ብሎ መልሶ ወሰደ።

ሳህን አንስቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። በሪሁን አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ያገኘው ሁሉ እያቆመ ሳመው።

«ጎንፌ፣ ላስረዳህ።»

«ቁጭ በል። ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»

«ለማኅበሩ ብዬ ነው። ላንተም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ጎንፋ። «እሱ ነው የከፋው። ልትጎዳኝ ብለህ ቢሆን ኖሮ እሰድብህ ነበር።» ትንሽ ጎረሰ፤ ሲያላምጥ የመንጋጋው አጥንት ይንቀሳቀሳል። «ማንም አልጠየቀህም?»

«ምን ብሎ?»

«እውነት ጎንፋ ነው ወይ የላከህ ብሎ።»

«ማንም።»

ጎንፋ ራሱን ነቀነቀ። «ደንቡን ጥሩ አድርገን ነው የሠራነው» አለ። ቀልድ ይመስላል፤ ሁለቱም አልሳቁም። ሁለቱ እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ኪሱ አልገቡም። በሪሁን ይህን ሲያይ ፈራ።

«ለሚመጣው ቅዳሜ እኔ እወስድሃለሁ» አለው ቶሎ ብሎ። «ቤትህ መጥቼ። በመንገድ እንነጋገራለን፤ የፈለግከውን ትለኛለህ።»

ጎንፋ ሳህኑን ያይ ነበር። «ምግቡ ጥሩ ነው» አለ።

«ወንድሞች፣ ፎቶ! ፎቶ!» እያለ ምንዳዬ በጠረጴዛዎቹ መሀል አለፈ። «ሁላችሁም! አባታችን፣ ና፣ አንተማ መሀል ነህ!» በሪሁንን ክንዱን ይዞ አስነሳው። ወንድሞች ከኖርዌያውያኑ ሥር በግማሽ ክበብ ተደረደሩ፤ ቶማስ ከፊት፣ ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው። በሪሁን በግራው በኩል የአንድ ሰው ቦታ ተወ። ቀኙን የያዘለት ምንዳዬ ነው፤ ግራውን ክፍት ቦታው ላይ እንደ ዘረጋ ጠበቀ።

ከቆመበት ሆኖ ጎንፋን ያየዋል። ጎንፋ ሳህኑን ወስዶ ጣለ። ከጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በመዳፉ ሰበሰበ። ወንበሩን እንደ ልማዱ ወደ ጠረጴዛው ሥር መልሶ ገፋው፤ ሌላ ሰው ጠማማ አድርጎ የተወውን ወንበርም አስተካከለ። ቆቡን አደረገ። ወደ ደረጃው ዞረ። በሪሁን ሊጠራው አፉን ከፈተ፤ ፓስተሮቹ ፊት ለፊት ቆመው ያዩታል፤ ምንዳዬ እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞታል።

«እዚያ ጋ፣ ጋሼ አጠገብ ክፍት ቦታ አለ» አለ ፎቶ አንሺው ካሜራው ላይ እንዳጎነበሰ። «ጠጋ ጠጋ በሉልኝ።»

ሰልፉ ከጫፍ ተንቀሳቀሰ። ከዚያኛው አዳራሽ ከመጡት አንዱ ተጠግቶ የበሪሁንን ግራ እጅ ያዘው፤ ወደ ካሜራው እያየ። ከላይ የመንገዱ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ቅዝቃዜው በደረጃው ወርዶ እግራቸው ላይ ደረሰ።

«ደስ ይበላችሁ እንጂ!» አለ ምንዳዬ። «ፈገግ በሉ!»